ለብ ያለ ፍቅር

መጥፎ ልብ ወለድ ቢያንስ ያናድዳል። ሰው ተጠርቶ "ይቺን እስቲ ስማት" ይባልበታል፤ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ይሳቅበታል። ለብ ያለው ግን አያናድድም፣ አያስቅም። 220 ገጹ ያልቃል፣ ሽፋኑ ይከደናል፣ በማግስቱ "የልጅቷ ስም ማን ነበር?" ቢባል ትዝ የሚለው የለም። ስለ ወጣቶች ከሚጻፈው የዘመኑ የፍቅር ልብ ወለድ ብዙው እንዲህ ነው። ታሪኩ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነው የሚለው ደግሞ ይብሳል፤ አገሩ በታሪክ ሞልቶ ሳለ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው።

የማንንም መጽሐፍ ስም አልጠራም። አንዱን ነጥሎ መውቀጥ ለደራሲውም ለአንባቢውም አይበጅም፤ ችግሩም የአንድ ሰው አይደለም። ከአንዱ ወደ ሌላው እየተገለበጠ የመጣውን ሴራ ግን ልዘርጋው። ልጅቷ ከመንዝ ትመጣለች። ልጁ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ምደባ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ጥሎታል። ገጽ 3 ላይ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ይጋጫሉ፤ ደብተሯ ይበተናል። እስከ ገጽ 60 ይተያያሉ። ገጽ 90 አካባቢ ልጁ ከአንዲት ቆንጆ ጋር ቆሞ ሲስቅ ታየዋለች። ቆንጆዋ እህቱ ናት። ልጅቷ ይህን እስክታውቅ 110 ገጽ ያልፋል። ገጽ 205 ላይ ዝናብ ይጥላል፣ ይታረቃሉ። ቀሪው 15 ገጽ የምረቃ ፎቶ ነው።

አንድ የተለመደ ወቀሳ አስቀድሜ ከመንገድ ላንሳ። "መጨረሻው ገና ከጅምሩ ታወቀ" ይባላል። ይታወቅ! የዚህ ዓይነት መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ሁለቱ እንደሚገናኙ አውቆ ነው የሚገዛው፤ ባይገናኙ ነው የሚጣላው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት "ፍቅር እስከ መቃብር" ፍጻሜውን ሽፋኑ ላይ ተናግሮ ነው የሚጀምረው፤ ግን ከ500 ገጽ በላይ ሰውን ይዞ ይሄዳል። የሚይዘን "ምን ይሆናል?" የሚለው ጥያቄ ቢሆን ኖሮ ርእሱን አንብበን በተውነው ነበር። በዛብህ ሰብለ ወንጌል ዘንድ የገባው ሊያስተምራት ነው። ሁለቱን አንድ ቦታ የሚያስቀምጥ ሥራ አላቸው፣ የተወሰነ ሰዓት አላቸው፣ የቤቱ ሰው ዓይን አለባቸው፣ በመካከላቸውም የዘርና የማዕረግ ገደል አለ። ቤተ መጻሕፍት በር ላይ የተጋጩት ሁለቱ ከነዚህ አንዱም የላቸውም። ደብተሩን ከለቀሙ በኋላ እንደገና የሚገናኙበት ምክንያት ስለሌለ ደራሲው በአጋጣሚ ያገናኛቸዋል፤ ገጽ 14 ላይ ካፌ፣ ገጽ 22 ላይ ታክሲ፣ ገጽ 31 ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት። አጋጣሚ አንድ ጊዜ ይፈቀዳል። ሦስተኛው ላይ አንባቢው የደራሲውን እጅ ያያል።

ትልቁ ስንጥቅ ግን ገጽ 90 ላይ ነው። ማንኛውንም የፍቅር ልብ ወለድ የምመዝንበት አንድ ቀላል ሚዛን አለኝ፤ ከሁለቱ አንዳቸው ስልክ አንስተው ለአንድ ደቂቃ ቢያወሩ ታሪኩ ያልቃል ወይ? "እህቴ ናት" ሁለት ቃል ነው። በሁለት ቃል የሚፈርስ ግድግዳ 110 ገጽ መሸከም አይችልም። ደራሲውም ይህን ስለሚያውቅ ልጅቷን ስልክ እንዳታነሳ ያደርጋታል፤ ለምን እንደማታነሳ ሲጠየቅ "ልቧ ተሰብሮ" ይላል፤ ልቧ ለምን በዚህ ተሰበረ ሲባል መልስ የለውም። እስከዚያ ድረስ ብልህ ናት ተብላ የተሣለችው ልጅ ከዚህ በኋላ ጅል ትሆንብናለች። አንባቢው መጽሐፉን የሚለቀው እዚህ ጋ ነው፤ ማንበቡን ባያቆምም ማመኑን ያቆማል።

የሚገርመው፣ ስልክ የማይሠራበት እውነተኛ ምክንያት ከደጃችን ሞልቷል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። የተላከ መልእክት አንድ ጭረት ላይ ቆሞ ሲቀር የላከው ሰው ምን ያስባል? ዘግታኝ ነው ወይስ መስመር የለም? ጥርጣሬው ያለ ማንም ጥፋት ይበቅላል፤ ልጅቷም ጅል መሆን የለባትም። ሌላም አለ። በጥቅምት 2015 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሆነ፤ ተፈታኙ ከቤቱ ወጥቶ ግቢ ገብቶ አደረ፤ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነበር። ሁለት የሚዋደዱ የአንድ ክፍል ልጆች አንድ ግቢ ውስጥ፣ በተለያየ ሕንፃ፣ ስልክ የሌላቸው፣ ቀጣዩ ሕይወታቸው የሚወሰንበት ሳምንት። ይህን መቼት ማንም ደራሲ ከአእምሮው ፈጥሮ አያመጣውም፤ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ነበሩ። ከመቶ ተማሪ ሦስት ገደማ መሆኑ ነው። እንግዲህ ቁጭ ብላችሁ አስሉት፤ ሁለቱም ፍቅረኛሞች ያልፋሉ ብሎ መጻፍ ምን ያህል ድፍረት ይጠይቃል? አንዷ ካለፈችና አንዱ ከቀረ ግን፣ ወይም አንዱ ሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ሲገባ ሌላዋ አገር ቤት ከተመለሰች፣ የአንድ ደቂቃ ስልክ ቀርቶ የአንድ ሌሊት ወሬም አይፈታውም። ለብ ያሉት መጻሕፍት ውስጥ ግን ሁሉም ያልፋል፤ ፈተናው ራሱ አንድ አንቀጽ ነው፤ "በጥሩ ውጤት አለፈች"።

ከዚህ የጠለቀው እንቅፋት ደግሞ የሰሜን ሸዋ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ሰባት ቤት። ልጁን ከአዲስ አበባ ማምጣት ለደራሲው ምቹ የሆነው ለዚህ ይመስለኛል፤ ቆጠራ የለበትም። ሁለቱም የመንዝ ልጆች ቢሆኑስ? አንዷ ከጌራ፣ አንዱ ከላሎ፣ ደብረ ብርሃን ተገናኝተው ሁለት ዓመት ከተዋደዱ በኋላ ሽማግሌ ሲላክ ዘር ይቆጠራል። ወላጆችን አንድ ብለን ብንነሳ በመጀመሪያው ረድፍ 2 ሰው፣ በአያት 4፣ በቅድመ አያት 8 እያለ በሰባተኛው ላይ 128 ይደርሳል። የልጁም 128፣ የልጅቷም 128። ከነዚህ አንዱ ከአንዷ ጋር ከገጠመ ነገሩ አለቀ። ቆጣሪዎቹ ደግሞ መዝገብ አይገልጡም፤ አንዲት ባልቴት ምድጃ ዳር ቁጭ ብለው ጣታቸውን እያጠፉ "የእገሌ እናት የእነ እገሌ ልጅ አይደለች?" ሲሉ ነው የሚሰማው። ስድስተኛው ቤት ላይ ዝም ካሉ ያቺ ዝምታ ከማንኛውም ዝናብ በላይ ታስፈራለች። ልጆቹ ይሂዱ? "ስድስተኛ ቤት ምን ዝምድና ነው፣ ማን ያየዋል?" ይበሉ? ባልቴቷን "አይቁጠሩ" ብሎ የሚለምን ሰው ይኑር? ይህ መጽሐፍ ቢጻፍ ሌሊት ተቀምጬ አነበዋለሁ።

የሽማግሌው ሥርዓትም ቢሆን አንድ ምዕራፍ የሚሞላ ነገር ነው። ለብ ባለው መጽሐፍ አባትየው "አይሆንም!" ብሎ ጠረጴዛ ይመታል፤ ጠረጴዛው ከየት እንደመጣ እንጃ። አገር የሚያውቀው አባት እንዲህ አያደርግም። ሽማግሌዎቹ በማለዳ ሲመጡ በክብር ይቀበላቸዋል፣ ጉዳያቸውን ይሰማል፣ እሺም እንቢም ሳይል "እንግዲህ ዘመድ እናማክር" ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። እሺ ለማለት ልቡ ቢቸኩል እንኳ በመጀመሪያው ቀን አይልም፤ ልጁን ያረከሰ ይመስልበታላ። ያቺ በሁለቱ ቀጠሮ መሃል ያለችው ጊዜ ለደራሲ ወርቅ ናት። ልጅቷ ጓዳ ሆና ሁሉን ሰምታለች፣ መልሱን ግን አታውቅም፤ እናቷን መጠየቅ ታፍራለች፤ እናቷም ገብቷታል፣ እሷም አትናገርም። ጠረጴዛ ከሚመታ አባት ይልቅ "እናማክር" የሚል አባት ያስጨንቃል።

ይህ ጥያቄ ለልብ ወለዳችን አዲስ አለመሆኑ ነው የሚያስቆጨው። የመርሐቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 "የልብ አሳብ"ን ሲያሳትሙ "የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ" ብለው ነው ንኡስ ርእስ የሰጡት። የአማርኛ ልብ ወለድ ገና እግር ሲተክል ማን ከማን ጋር፣ በማን ፈቃድ ይጋባል የሚለውን ጨብጦ ተነስቷል። የዛሬው መጽሐፍ ያንን ጥያቄ የተፈታ አድርጎ ይዘለዋል። ሕጉ ዛሬ ለጋብቻ 18 ዓመት ይላል፤ የጎረቤት አፍ ግን የራሱ ሕግ አለው፤ የ20 ዓመት ተማሪ ልጅ ለዓመት በዓል ቤቷ ስትገባ የሚጠብቃት የትኛው እንደሆነ ማንም ያውቃል።

ወደ ቦታው እንምጣ። መጽሐፉ መቼቱን የሚያስተዋውቀው በአንድ አንቀጽ ነው፦ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የቆረቆሯት፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር የምትርቅ፣ ነፋሻማዋ ደብረ ብርሃን። ከዚያ በኋላ ከተማዋ አትመለስም። ስሟን አውጥታችሁ ሐዋሳን ብትተኩባት አንድ ዓረፍተ ነገር አይናጋም። "ነፋሻማ" የሚለውን ቃል የቱሪዝም በራሪ ወረቀት ላይ ቢሆን እቀበለው ነበር። ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር በላይ የተቀመጠች፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ከተማ ውስጥ 220 ገጽ ሙሉ አንድም ሰው አይበርደውም! ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ የሚመታውን ባቄላ ገበሬው ያውቃል፤ ጠዋት በአንድ ሰዓት ክፍል የሚገባ ተማሪም በጣቱ ያውቀዋል፤ እስክሪብቶ አልይዝ ይለዋል። ብርድ ደግሞ ለፍቅር ታሪክ ጠላት አይደለም። ሰው ያቀራርባል፣ ጋቢ ያዋውሳል፣ እጅ ኪስ ውስጥ ስለሚውል እጅ ማውጣት ራሱ ትርጉም ይኖረዋል።

የዝናቡ ትዕይንት ከፊልም የመጣ ነው፤ እዚያም ሞቅ ካለ አገር። እዚህ ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ገጽ 205 ላይ ያሉት ሁለቱ ዝናብ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ቆመው ቢታረቁ መጀመሪያ የሚሆነው ጫማ ጭቃ መሙላት ነው፤ ቀጥሎ ጋቢው ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ በረዶ ከተቀላቀለበት ደግሞ ሁለቱም ጭንቅላታቸውን ይዘው ወደ ቆርቆሮ ጥግ ይሮጣሉ። ይህ ራሱ ቢጻፍ ይሻል ነበር፤ ሁለት ሰው አንድ ጠባብ ጥግ ሥር ተጨናንቀው፣ በቆርቆሮው ድምፅ መስማት አቅቷቸው፣ "ምን አልሽ?" "ምንም!" እየተባባሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ፍቅር የሚወራበት እውነተኛው ቦታ ግን ዝናብ አይደለም፣ ፀሐይ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነፋስ የማያገኘው የግድግዳ ጥግ ፈልጎ ፀሐይ መሞቅ የከተማዋ ትልቁ ማኅበራዊ ተቋም ነው። ጀርባ ግድግዳ ላይ፣ ዓይን ጨፈን፣ ጎን ለጎን። ሰው ፊት ለፊት ሳይተያይ የሚያወራበት ሌላ ቦታ የት አለ? አፋር የሆነ ልጅ የልቡን የሚናገረው እንዲህ ተቀምጦ ነው። ፀሐይዋ ስትዞር ጥላው ይደርስባቸዋል፤ ወይ ይጠጋጋሉ ወይ ይነሳሉ። ሰዓት ቆጣሪው ጭምር የተሟላለት ትዕይንት ነው።

መንገዱም እንዲሁ ይባክናል። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ፣ ጉም ፊት ይጋርዳል፤ ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ይከብቡታል፤ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወርዳችሁ ማንጎ ጥላ ሥር ናችሁ፤ በርኖስ የለበሰ ሰው አላበው ይላል። ከደብረ ብርሃን 95 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የደገኛና የቆለኛ ልጅ ፍቅር በአንድ የሚኒባስ ጉዞ ውስጥ ሊጻፍ ይችላል፤ ሹራቡን በየት ቦታ ማን ቀድሞ አወለቀ የሚለው ብቻ የሁለቱን አስተዳደግ ይናገራል። በመጽሐፉ ውስጥ ግን "በመኪና ተጉዘው ደረሱ"።

አሁን ቋንቋው ጋ ደረስን፤ እኔን በጣም የሚያንገሸግሸኝ እሱ ነው። እንዲህ ዓይነት አንቀጽ በየገጹ አለ፦

"ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች። እሱ አንድ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። 'ደህና ነሽ?' አላት። ትከሻዋን ነቀነቀች።"

ደራሲው ማለት የፈለገው፦ ደነገጠች፣ እሱ ተጠራጠረ፣ እሷ "ምንም አይደል" አለች። የእኛ አንባቢ የሚያየው ግን ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ትንፋሽ ወደ ውስጥ መሳብ "አዎ" ነው። ቅንድብ ከፍ ማድረግም "አዎ" ነው፣ ወይም ሰላምታ። ትከሻ መነቅነቅ ደግሞ እስክስታ ነው። ስለዚህ ልጅቷ አዎ አለች፣ ልጁ አዎ አለ፣ ከዚያ ጨፈረች። ከውጭ ፊልምና ከትርጉም መጽሐፍ የተቀዳ አካል እዚህ ሲቆም እንዲህ ነው የሚወላገደው። "ዓይኑን አንከባለለ" ሲባልም ለእኛ የታመመ ሰው ነው የሚታየን። የራሳችን አካል ቃል ሞልቶታል፤ ያዘነ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ያፈረች መሬት በእግሯ ጣት ትጭራለች፣ የናቀ በአፍንጫው ያወራል፣ ያኮረፈ ፊቱን ያዞራል፣ የማያውቅ "እኔ እንጃ" ይላል። እነዚህን ብቻ በቦታቸው መጠቀም ግማሹን መጽሐፍ ያሞቀው ነበር።

ከዚያም አጠራር አለ። ሁለት ተማሪዎች ሲተዋወቁ ወዲያው "አንተ" "አንቺ" ስለሚባባሉ፣ በአማርኛ መቀራረብ የሚለካው በ"አንቱታ" አይደለም፤ በስም ነው። ልጅቷ ጥሩወርቅ ትባል እንበል። ዶርም በገባች በሳምንቷ የክፍል ጓደኞቿ "ቲቲ" ብለው ይቆርጧታል፤ ስሟ ገጠር ገጠር ይሸታል ብለው አይናገሩም እንጂ ነገሩ እሱ ነው። እሷም ዝም ትላለች። ልጁ ገና ሲያውቃት "ቲቲ" ይላታል፣ እንደሁሉም። ከዚያ አንድ ቀን እናቷ ስትደውል "ጥሩዬ" ስትላት ይሰማል። በማግስቱ "ጥሩወርቅ" ይላታል፤ ሙሉውን፣ ሳይቆርጥ። "ዬ"ን ለመጨመር ገና አልደፈረም። ከ"ቲቲ" ወደ "ጥሩወርቅ"፣ ከ"ጥሩወርቅ" ወደ "ጥሩዬ"፤ መቶ ገጽ የሚያስኬድ መሰላል ነው፣ አንድም ጊዜ "እወድሻለሁ" ሳይባል። ለብ ያለው መጽሐፍ ገጽ 40 ላይ "የኔ ማር" ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ወዴት ይወጣል?

ፍትሕ ለማድረግ ያህል፣ እነዚህ መጻሕፍት የሚሳካላቸው አንድ ነገር አለ፤ የዶርም ጓደኛዋ። ሁልጊዜ የምታስቀው እሷ ናት። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ደራሲው እሷን ለማስዋብ አልተጨነቀም። ትበደራለች፣ አትመልስም፤ ትዋሻለች፤ የሰው ሻምፖ ትጠቀማለች፤ የምትፈልገው ነገር አለ። ዋናዋ ልጅ ግን ንጹሕ፣ ጎበዝ፣ ቆንጆና ቅን ከመሆን ውጭ ሥራ የላትም።

መጽሐፍ ገና በእጃችሁ ካለ ይህን ሞክሩ። እርሳስ ያዙ። ከሁለቱ አንዳቸው ለሌላው ሲሉ ገንዘብ፣ ሰዓት፣ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ውጤት ወይም የቤተሰብ ስም ባጡ ቁጥር ዳር ላይ ጭረት አድርጉ። "ሞተላት" "ተቃጠለላት" አይቆጠርም፤ ያወጣው ነገር መታየት አለበት። በየአሥር ገጹ አንድ ጭረት ካገኛችሁ መጽሐፉ ሞቋል። በ220 ገጽ ሦስት ወይም አራት ከሆነ፣ ለምን እንዳልያዛችሁ መልሱ እዚያው ጠርዙ ላይ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ ትልቅ መሥዋዕትነት አያስፈልግም። ለ20 ዓመት ተማሪ ኩላሊት መስጠት አይጠበቅበትም፤ የታክሲ ሒሳቡን ለሌላ አውሎ ከጠባሴ ሰፈር በእግሩ ቢመጣ ይበቃል።

ጾሙን ረስቼው ነበር። በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ሰው ረቡዕ ቀን በርገር ይበላል፣ በኅዳር መጨረሻ ክሬም ኬክ ይጋበዛል። ይፋት ወርደን ቢሆን ረመዳን አለ፤ መንዝ ላይ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ነው። የማትጾም ገጸ ባሕርይ መጻፍ ይቻላል፣ ግን ያን ጊዜ አለመጾሟ ራሱ ወሬ ነው፤ ዶርም ውስጥ ያያት አለ፣ እናቷ ትጠይቃለች። ጾም የሌለበት የሰሜን ሸዋ ዓመት ዓመት አይደለም።

ከጾም ጋር በሶ ይመጣል። ("አበበ በሶ በላ" ብሎ ፊደል የቆጠረ ሕዝብ የፍቅር ልብ ወለዱ ውስጥ በሶ አለመኖሩ ለብቻው ያስገርማል።) ጥሩወርቅ በጥቅምት 29 ከቤት ስትወጣ እናቷ በሶ አስይዛታለች። ከረጢቱ በቡና ሲኒ ሲሰፈር 120 ይወጣዋል። በቀን ሁለት፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ፤ 60 ቀን፣ ልክ ታኅሣሥ 29፣ ገና። እናቷ ይህን ወረቀት ላይ አላሰላችውም፤ ገብሱን ስትቆላ ነው ልኩን የወሰነችው፣ ለገና ስትመጣ ሌላ ይሞላል ብላ። ልጁ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም።

ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ከዶርሙ ጀርባ፣ ግድግዳው ጥግ። ልጁ የበሶውን ነገር አያውቅም፤ ሃይላንዱ ውስጥ በሶውን ቀድሞ ጨምሮ ውኃ ከላይ አፈሰሰበት። ታች ተጓጉሎ ተጣበቀ። ቢንጠው፣ ቢደበድበው አልላቀቅ አለ። እሷ ሳትስቅ ለመቆየት ሞከረች፣ አልቻለችም። የራሷን ወስዳ አሳየችው፤ ውኃ ግማሽ ድረስ፣ ከዚያ በሶ፣ ክዳን፣ መናጥ፣ ከዚያ ቀሪው ውኃ፣ ትንሽ ስኳር። ሰጠችው። የተጓጎለውን እሷ ያዘች፣ በእስክሪብቶ ቂጥ እየፈነቀለች። በማግስቱም ሁለት ጠርሙስ ይዛ ወረደች። በሦስተኛው ቀንም።

በቀን ሦስት ሲኒ 40 ቀን ነው። ታኅሣሥ 9 ላይ ያልቃል፤ ከጾሙ መሃል፣ ከገና 20 ቀን በፊት። እሷ ይህን በመጀመሪያው ጠዋት አስልታዋለች፤ የመንዝ ልጅ ናት።

እናቷ እሑድ ደወለች።

"ጥሩዬ፣ በሶው እንዴት ነው? አልነቀዘም?"

"ደህና ነው እማዬ።"

"ይበቃሻል?"

ልጁ አጠገቧ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ጥላው እግሯ ጋ ደርሷል።

"እስከ ገና" አለች፤ ወደ እሱም ጠጋ አለች።